ሁለት ሰው የሚያጥፈው አንሶላ

ለውድ እማማ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ዝናቡ ሲያቆም ሕመሙም አብሮት ያቆማል ብለውኝ ነበር። እዚህ ካባራ ሰንብቷል፤ ጸደዩ እዚያም ደርሶ ከሆነ ደረጃውን ያለ ምርኩዝ እየወጡ ነው ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። መነጽርዎንስ አስቀየሩት? ካላስቀየሩትም ይህን ደብዳቤ ለሴት ልጅዎ፣ ለእህቴ ሰጥተው እንዳያስነብቡ አደራ። ወደ መስኮቱ ጠጋ ብለው ራስዎ ያንብቡልኝ፤ ፊደሉን እርስዎ እንደሚወዱት ጎላ ጎላ አድርጌ ጽፌዋለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ብቻም አይደለሁ፤ ከትናንት ጀምሮ አፌ አልገጠም ብሎኛል። ዛሬ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ብቻዬን ስስቅ ያየች አንዲት ሴትዮ መንገድ ለቀቀችልኝ።

በስልክ ያልነገርኩዎት ለምን እንደሆነ ያውቁታል። «ምን? ምን አልሽ?» እያሉኝ ሦስት ጊዜ ጮኬ የምደግመው ነገር አይደለም። ይህን የምጽፈው በምሳ ሰዓት፣ የንጹሕ ልብስ መደርደሪያው ሥር ተቀምጬ ነው፤ የምቸኩለውም ወሬ እንዳይቀድመኝ ብዬ ነው። የድሮ ጎረቤትዎ ልብስ ሰፊዋ ትናንት ከፊት ወንበር ላይ ነበረች። ቅዳሜ ቅዳሜ እንደምትደውልልዎት አውቃለሁ። የእርሷ ወሬ ደግሞ እንደ ቀሚሶቿ ነው፤ ምንጊዜም ከባለቤቱ ይተልቃል። «ከመካኒኩ ጋር አንሶላ…» ብላ ስትጀምርልዎት እንዳይደነግጡ አስቀድመው ይወቁት፤ እያጠፍን ነበር እማማ! ቆመን! በቤተ ክርስቲያን፣ ቄሱ ባሉበት፣ ሰፈሩ ሁሉ እያየ! ይህን ነገር ከእኔ አፍ ካልሰሙት እርስዎን አጣለሁ ብዬ ፈርቻለሁ። ስለዚህ እስከ መጨረሻው ሳያነቡ እንዳይቆጡኝ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ ልጀምርልዎት።

በሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል አንሶላ እንደማጥፍ ያውቃሉ፤ እንዴት እንደምናጥፈው ግን ነግሬዎት የማውቅ አይመስለኝም። ከመተኮሻው ማሽን ሲወጣ ትኩስ ነው፣ ለአንድ ሰው ደግሞ ይሰፋል። ስለዚህ ሁለት ሁለት ሆነን ጫፍና ጫፉን እንይዛለን። ወደ ኋላ ሸሸት ብለን እንወጥረዋለን፣ አንዴ እናራግፈዋለን፣ እናጥፈዋለን፤ ከዚያ ተራምደን እንገናኝና አንዷ ጫፏን ለሌላዋ ታስረክባለች። የክፍላችን ደንብ አንድ ነው፤ ተቀባይዋ «ይዣለሁ» ሳትል ሰጪዋ አትለቅም። መሬት የነካ አንሶላ ተመልሶ ይታጠባልና። ቀኑን ሙሉ «ይዣለሁ፣ ይዣለሁ» ስንባባል ነው የምንውለው። እጃችን እኩል እንዲሄድ ደግሞ እንዘምራለን፤ ማሽኖቹ ስለሚጮኹ ጮክ ብለን ነው። ይህንን ሥራ እንጂ ሙዚቃ ነው ብለን አስበነው አናውቅም ነበር።

አንድ ቀን ቄሱ በሽተኛ ሊጠይቁ መጥተው በመስኮታችን ሥር ሲያልፉ ሰሙን። ገብተው፣ ከየት የመጣችሁ መዘምራን ናችሁ አሉን። ሳቅን። እርሳቸው ግን የምራቸውን ነበር፤ ለጸደዩ የሙዚቃ በዓል እናንተም ኑልኝ አሉ። በዓሉን መቼም አይረሱትም፤ የሰፈሩ ሰው በየሥራው እየሆነ የሚዘምርበት፣ ልጅዎም፣ ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና ከሾፌሮቹ መካከል ቆሞ እንደ አውቶቡስ ፍሬን ሲያንቋርር የነበረበት ነው። ይህን ልጅ አምጬ የወለድኩት ሊነዳ እንጂ ሊዘምር አይደለም ብለው ጆሮዎን ይዘው የወጡበት ቀን ዛሬም ድረስ ያስቀኛል።

አለቃችን ጄኔራሏ እኛን ሳትጠይቅ እንመጣለን አለቻቸው። ጄኔራሏ ያልናት ድምፅዋ ከማሽኖቹ በላይ ስለሚሰማ ነው። አንሶላ አብራኝ የምታጥፈው ቀጭኗ ደግሞ፣ ሰው ፊት ከምቆም ብወልድ ይሻለኛል አለች። ስምንት ወሯን ይዛ በበር የምትገባው በጎኗ ነበር፤ ስሟ ግን አሁንም ቀጭኗ ነው።

የመጀመሪያው ልምምዳችን ጉድ ነበር። የሙዚቃ መምህሩ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ በቁመታችን ደርድሮን፣ እጃችሁን ወደ ታች፣ ዓይናችሁን ወደ እኔ አለን። ጀመርን። እማማ፣ በየቀኑ የምንዘምረውን መዝሙር ምን እንደ በላው እንጃ! አንዷ ትሮጣለች፣ አንዷ ትጎተታለች፣ ጄኔራሏ ብቻዋን ቀድማ ጨርሳ ቆማ ትጠብቀናለች። መምህሩ ክፉ አልተናገረንም። ምናልባት አጠር ያለ መዝሙር ቢሆንስ አለ፣ ላቡን እየጠረገ። በሁለተኛውም ቀን ያው ሆነ። ጄኔራሏ አፈረች፤ እርሷ ስታፍር ያየ ሰው በመካከላችን አልነበረም፣ የምንገባበት ጠፋን።

ይቅርብን ልንል ስንል መምህሩ ከኪቦርዱ ተነስቶ መጣ። ቆይ፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ አለ፤ እያንዳንዱ ስንኝ ሲያልቅ የሁላችሁም እጅ ብድግ ይላል፣ ምንድን ነው የምትይዙት? እርስ በርስ ተያየን። ለካ መዝሙሩ ያለው እጃችን ላይ ኖሯል። በሚቀጥለው ልምምድ አንድ ቅርጫት አሮጌ አንሶላ ይዘን ሄድን፣ ከዚያ በኋላማ ማን ይቻለን! አዳራሹ ጠበበን። መምህሩም ኪቦርዱን ትቶ መስኮቱ ላይ ተቀምጦ ሲሰማን ዋለ።

አሁን ስለ መካኒኩ ልንገርዎት። በመካከል ስለገባ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለኝም።

የማሽኖቻችን ጠጋኝ ነው። ግዙፍ ሰው ነው፤ ወሬ አይወድም፣ ሲናገርም ቃሉን የሚከፍልበት ይመስል ይቆጥበዋል። እናቱን እስከ መጨረሻዋ ሲያስታምም ሳያገባ ቀረ ይላሉ። የእኔ መተኮሻ ማሽን በየሳምንቱ ይታመም ነበር፤ እርሱም መፍቻውን ይዞ ይመላለሳል። እኔ የዋሂቱ ማሽኑ አርጅቷልና በአዲስ ይተካልን ብዬ ለጄኔራሏ አመለከትኩ። ሴቶቹ ሲንከተከቱ በሌላ ነገር የሚስቁ መስሎኝ አብሬ ሳቅሁ። ቀጭኗማ፣ ያ ማሽን መድኃኒቱ አንቺ እረፍት ስትወጪ ነው፣ ያን ቀን ደህና ይውላል ብላኝ ነበር፤ ይህም አልገባኝም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚሉት ለእኔ ነው።

ትናንት እሑድ፣ ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ ይመስል ነበር። በግቢው ያሉት ዛፎች አብበው ነጭ አበባቸው በሰው ፀጉር ላይ ይረግፋል። የቤተ ክርስቲያኑ በሮች ወለል ብለው ተከፍተዋል፤ ውስጥ ቦታ ያጣ በመስኮት ያያል። ዳቦ ጋጋሪዎቹ ነጭ ቆባቸውን ደፍተው በዓሉን ከፈቱት። ቀጥለው ትንንሾቹ ተማሪዎች ዋሽንት ነፉ፤ አንዷ መሃል ላይ ማስነጠስ መጣባትና ዋሽንቱ ውስጥ አስነጠሰች፣ ደግነቱ ከዜማው ጋር ገጠመላት። ሾፌሮቹም ዘመሩ። ልጅዎ ከተለያቸው ወዲህ ድምፃቸው ተሻሽሏል ብል ይቆጡኝ ይሆን? እርሱ ቢሰማ ራሱ የሚለው ይህንኑ ነው።

እኛ ግን ከጠዋቱ ጉድ ፈልቶብን ነበር። ቀጭኗን ምጥ ያዛት። ከማዋለጃ ክፍል ሆና፣ ይህ ልጅ ተራዬን አልጠብቅም ብሏል፣ ሌላ ሰው ፈልጉ ብላ ላከችብን። ሁሉም ጥንድ ጥንድ ነው፤ እኔ ብቻዬን ቀረሁ። እኔ ልቅር ብል ጄኔራሏ ዓይኗን አጉረጠረጠችብኝ። ያን ጊዜ መካኒኩ የአንሶላውን ቅርጫት ተሸክሞ ገባ። ሥራው ማድረስ ብቻ ነበር፤ ግን ሸሚዙ የተተኮሰ ነው፣ ጥፍሩ ሥር ያለው ግራሶ እንኳ ተፍቆ ለቋል። ጄኔራሏ ከላይ እስከ ታች አየችውና፣ አንተ መዝሙሩን ታውቀዋለህ አይደል አለችው። በየቀኑ ነው የምሰማው አላት። በል ያዝ ብላ የአንሶላዬን ጫፍ አስጨበጠችው።

ወጣን። ሁሉም በአንድ ጊዜ አንሶላውን ሲዘረጋ መድረኩ ነጭ በነጭ ሆነ። ጀመርን፤ ያ የማይናገር ሰው አፉን ከፈተ። እማማ፣ እንዴት ብዬ ልንገርዎት! ድምፁ ከወለሉ ሥር የሚወጣ ይመስል በጫማዬ በኩል ተሰማኝ። ችግሩ ግራኝ ነው። እኛ በቀኝ ስናጥፍ እርሱ በግራ ያጥፋል፣ የመጀመሪያው አንሶላችን እንደ ገመድ ተጠመዘዘ። ሰው ሳቀ። እኔንም እየዘመርኩ ሳቅ ያዘኝ። እርሱ ግን ፈተና ላይ እንደ ተቀመጠ ተማሪ ግንባሩን ቋጥሮ እጄን እጄን ያያል። በሁለተኛው አንሶላ ተሻለን። በሦስተኛው እኔ ወደ ግራ አጠፍኩለት፣ ገጠመ።

ተራምደን ስንገናኝ እጅ ለእጅ ይነካካል። ይህ ሥራ ነው፤ ከቀጭኗ ጋርም ቀኑን ሙሉ ስንነካካ ነው የምንውለው። እንደዚያ ሆኖብኝ ግን አያውቅም።

መዝሙሩ አለቀ። ጥንዶቹ ሁሉ «ይዣለሁ፣ ይዣለሁ» እየተባባሉ ተረካከቡ። እኔም ጫፌን ለእርሱ አቀበልኩና ቃሉን ጠበቅሁ። ዝም አለ። እጁ እጄ ላይ ነው፣ አንሶላው በመካከላችን ነው፣ እርሱ ዝም። ይህን ያህል ዓመት የሠራሁበት ደንብ ነው፤ እጄ ቃሉን ካልሰማ አይለቅም። ሰዉ ማጨብጨብ ጀምሮ መልሶ ተወው። ዳቦ ጋጋሪዎቹ አንገታቸውን አሰገጉ። ልብስ ሰፊዋ መነጽሯን አውልቃ ጠረገችና መልሳ አደረገችው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ደግሞም፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ እንዲያ እንደቆምን ቢመሽ አልጠላም ነበር። ከእርስዎ የምደብቀው ነገር የለኝም፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

በመጨረሻ ጄኔራሏ በሹክሹክታ፣ ሹክሹክታዋ እስከ ውጭ በር ድረስ ይሰማል፣ አንተ ሰውዬ በላት እንጂ አለችው። እርሱም በዚያ ድምፁ፣ በዚያ ጸጥታ መካከል፣ «ይዣለሁ!» አለ። ከዚያ በኋላማ ቤተ ክርስቲያኑ ፈረሰ ልበልዎት! ጭብጨባው፣ ፉጨቱ፣ እግር ድብደባው! ቄሱ ሳቃቸውን በሳል ሊሸፍኑ ሞክረው አልሆነላቸውም፤ ጀርባቸውን ሰጥተውን ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

በኋላ ግቢው ውስጥ ረጅም ጠረጴዛ ተዘርግቶ ኬክና ለስላሳ ሲታደል አገኘሁት። ወሬው ከማዋለጃ ክፍል ደርሶ ነበር፤ ቀጭኗ ሴት ልጅ በሰላም ተገላግላለች፣ ሁሉም እልል ይላል። በዚያ ሁካታ መሃል፣ ምን ነካህ፣ ቃሉ ጠፋህ ወይ አልኩት። አልጠፋኝም አለኝ። ታዲያ ምነው አልኩት። ጫማውን እያየ፣ ካልኩማ ትለቂያለሽ ብዬ ነው አለኝ።

ከዚያ ወዲያ የበላሁት ኬክ ይሁን ሳሙና አላውቅም።

የልጅዎ ጓደኛ፣ ያ ፂማሙ ሾፌር፣ ከሳቁ ብዛት ዓይኑን እየጠረገ መጣ። እርሱ ቢኖር ዛሬ በሳቅ ይሞት ነበር አለኝ። መካኒኩንም እጁን ጠበቅ አድርጎ ጨበጠው፣ እንዲያውም ቶሎ አልለቀቀውም። ወዲያው ወደ እኔ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የጓደኛዬ እናትስ አለኝ። የያዝኩትን ኬክ ጠረጴዛው ላይ መለስኩት።

እማማ፣ እኔና እርስዎን የሚያስተሳስር የልጅ ልጅ የለንም። በመካከላችን የነበረው እርሱ ነው፤ እርሱም አርፏል። የሰው አማትና ምራት እሳትና ጭድ ናቸው ሲሉ እሰማለሁ። እኛ ግን ከእርሱ በኋላ ሁለት ዓመት ከአንድ ማዕድ በላን። እርስዎ ሲያለቅሱ እኔ አባብዬ፣ እኔ ሳለቅስ እርስዎ ተቆጥተውኝ፣ እንዲያ ተያይዘን ወጣነው። የወለደችኝ እናቴ በልጅነቴ ሞታለች፤ እናት ማለት ምን እንደሆነ ያወቅሁት «ጫማሽን አውልቂ፣ ወለሉን ወልውዬዋለሁ» ሲሉኝ ነው። እኔ የሰው አፍ አልፈራም። የምፈራው አንድ ቀን ስደውል «ማን ልበል?» እንዲሉኝ ነው።

ከእህቴ ጋር ሊኖሩ ሲሄዱ በአውቶቡሱ መስኮት ብቅ ብለው ያሉኝ ነገር ነበር። አንቺ ገና ልጅ ነሽ፣ ዕድሜሽን ከእኔ ጋር ድስት ስትፈትጊ አትጨርሺው አሉኝ። ያን ጊዜ የሚያርቁኝ መስሎኝ ተቀይሜዎት ነበር። ትናንት ከበዓሉ ስመለስ፣ አበባው በረገፈበት መንገድ ላይ፣ ያ ንግግርዎ በድንገት ትዝ አለኝ፤ ቁጣ ሆኖም አልተሰማኝም። ተሳስቼ ከሆነ ይንገሩኝ።

የልጅዎ ፎቶግራፍ ከግድግዳዬ አልወረደም፣ አይወርድምም። ይህንንም ዛሬ ጠዋት ለመካኒኩ ነግሬዋለሁ። ሚስማሩ ይችለዋል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አንጀቴን በላው።

ከዚያ፣ አንድ የምጠይቀው ነገር አለኝ፣ ግን ማንን እንደምጠይቅ አላውቅም አለኝ፤ አባትና እናት እንደሌሉሽ ሰምቻለሁ አለ። አባት የለኝም፣ እናት ግን አለችኝ አልኩት። የት ናት አለኝ። የእርስዎን አድራሻ ሰጠሁት።

ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ፖስታ ቤት አልወሰድኩትም። ነገ ማክሰኞ የእረፍት ቀኑ ነው። ደብዳቤውን ሰጥቶዎት አሁን በርዎ ላይ የቆመው ትልቅ ሰው እርሱ ነው። ጫማህን አውልቅ ብዬዋለሁ። ፍራፍሬ ይዘህ ሂድ ስለው፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ቢኖራቸውስ ብሎ የመፍቻ ቦርሳውን ይዟል፤ እንዳይስቁበት። አንብበው እስኪጨርሱ አይናገርም፣ ሳይባልም አይቀመጥም። ከልብዎ ካልሆነ ደብዳቤውን መልሰው ይስጡት። ይገባዋል፣ አይቀየምም፤ እኔም ይህን ነገር ዳግመኛ አላነሳብዎትም፤ ቅዳሜ እንደ ልማዴ ጉልበትዎን ልጠይቅ እደውላለሁ። ከልብዎ ከሆነ ግን ብዙ ቃል አያስፈልገውም። ወንበር ሳብ ያድርጉለትና፣ ተቀመጥ ይበሉት።

ጉልበትዎን ያጽናልኝ፣ ዓይንዎን ያብራልኝ፤ ደግ ነገር ከደጅዎ አይራቅ፣ ሳቅ ከቤትዎ አይጥፋ።

ቢቀመጥም ቢመለስም፣

ልጅዎ